ቦራን ያራመድንበት ጠዋት

የታመመ ይረፍ ይላል ሰው ሁሉ። እኔ አልስማማም። በእረፍት ብዛት እግሩን ሊያጣ የደረሰ ፈረስ አይቻለሁ። ነገሩ የሆነው ባጃጅ ዲላ ከመግባቱ በፊት፣ ሰውም ሲሚንቶም በጋሪ በሚጓዝበት ዘመን ነው። በሽተኛ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ወርቁ ባለጋሪ ነው፤ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ፈረሱን ቦራ ይለዋል። ቦራ የፊት እግሩን ከሰኮናው ከፍ ብሎ ቆርቆሮ ቆረጠው። የእንስሳት ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ መርፌ ከወጋው በኋላ ለወርቁና ለሚስቱ ለፅጌ የነገራቸውን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። እብጠት ካያችሁ ከጤነኛው እግር ጋር እያስተያያችሁ ዳብሱት አለ። ከጋለ፣ ሲነካ ከሸሸ፣ ከሸተተ ወይም ማነከሱ ከባሰ ቶሎ አምጡት። ቁስሉ እየደረቀ፣ እብጠቱም ቀዝቃዛና የማያም ከሆነ ግን ቆሞ ከመዋል የመጣ ነውና ቀስ እያላችሁ አራምዱት።

ፅጌ ጠዋት ጠዋት ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥባለች፣ በንጹህ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ማራመዱን ግን ማንም አልደፈረም። ቁስለኛ ፈረስ እየጎተቱ በሰፈር መሃል ማለፍ እንዴት ተደርጎ? ሰው ምን ይላል?

ሰዉ ደግሞ ደግ ነው። አንዱ የእንሰት ቅጠል፣ ሌላው ሳር ተሸክሞ ይመጣል። ከንፈሩን ይመጥና እንዳትነኩት ብሎ ይሄዳል። ቦራ በዚያ ጠባብ ግቢ ታስሮ ይበላል። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ታሞ እንኳ እንደሱ አልተጠየቀም።

አንድ ጠዋት እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደ እንሰት ግንድ አብጦ ተገኘ። መርዙ ወረደበት ተባለ። የፅጌ አባት በዚያው ሰሞን ከቡሌ ሊጠይቁ መጥተው ነበርና ወዲያው ማጭድ እሳት ውስጥ ከተቱ። እብጠት በጋለ ብረት ሲተኮስ ይጎድላል ብለው ያምናሉ። ወርቁ ምን ይበላቸው፣ አማቱ ናቸው። የቦራን አንገት አቅፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተተኩሶ እግሩ ከተበላሸ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የማይሠራ የጋሪ ፈረስ ከከተማው ዳር ይለቀቃል፤ ከዚያ የጅብ ነው።

ፅጌ ተንበርክካ ሁለቱን እግሮች በሁለት መዳፏ ያዘች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እብጠቱን በጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ ቀረ፤ ቦራ ግን ማኘኩን አላቋረጠም።

«አባዬ፣ ይሄ አይፋጅም» አለች። «ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«አብጦ እያየሽው?»

«አብጧል። ግን አላመመውም።»

ሽማግሌው ማጭዱን ከእሳቱ አላወጡም። አራምዱት፤ ስትመለሱ ካልጎደለ ግን እተኩሰዋለሁ አሉ።

ወርቁ ብቻውን እንደማይወጣ ገባኝ። መሰደብ ለእኔ አዲስ ስላልሆነ አብሬው ወጣሁ።

ገና ከበሩ ሳንርቅ ተጀመረ። ሞቶም አያርፍም አለ አንዱ። ሌላው እኔን፣ የተማርከው ይሄን ነው ወይ አለኝ። ሙዝ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን መጥተው መንገዳችን ላይ ቆሙ።

«አንተ ወርቁ፣ እግዜርን አትፈራም? አንተንስ እግርህ ተጠቅልሎ ልንዳህ?»

እኔ ረጅም መልስ እያሰናዳሁ ነበር። ወርቁ ቀደመኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

እጃቸውን ይዞ አንዴ በጤነኛው እግር፣ አንዴ ባበጠው ላይ አሳረፈው። ሴትዮዋ ጎንበስ እንዳሉ ራሳቸው ደግመው ዳበሱት።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እትዬ። ሄድ ሄድ እንዲል ነው ሐኪሙ ያዘዘለት።»

ቀና ብለው ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «እናንተ ምን ታፈጣላችሁ? መድኃኒቱን ነው የሚወስደው። አሳልፉት።»

ተመልሰን ግቢ ስንገባ እብጠቱ ጎድሎ ጅማቱ መታየት ጀምሯል። ሽማግሌው ሁለቱንም እግሮች ደጋግመው ዳበሱ። ከዚያ ማጭዱን አውጥተው ውሃ ውስጥ ነከሩትና፣ ነገም አራምዱት አሉ። ለማንኛውም ብለን ሐኪሙ ዘንድ ወሰድነው፤ በዚሁ ቀጥሉ አለን። ቦራ ጠባሳውን ይዞ ወደ ጋሪው ተመለሰ።

በዚያ ቀን ክፉ ሰው አላየሁም። ሳር ያመጡት፣ የተሳደቡት፣ ማጭድ ያጋሉት አማትም ቢሆኑ ለቦራ አዝነው ነው። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው ደግነታቸው ነው። እኔ በክርክር እረታቸው ነበር፤ ቦራን ግን አላሳልፍም ነበር። ያሳለፈው የሴትዮዋን እጅ ይዞ የወረደው የወርቁ እጅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እግሩ የተጠቀለለ ፈረስ ቀስ ብሎ የሚያራምድ ሰው ካየህ አትሳደብ። ባለቤቱን አስፈቅደህ ዳብሰው። መዳበስ ከፈራህ ደግሞ መንገዱን ልቀቅ።