ጳውሎስ «ሴት ናት» ያላት ዓሣ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከገበያ ተመልሼ ቤት ስገባ አስቴርና ጳውሎስ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አንድ እርጥብ ጨርቅ ላይ አጎንብሰዋል...

ጨርቁ ላይ ጣት የምታክል ዓሣ በጀርባዋ ተኝታለች። ጳውሎስ ይዟታል፣ አስቴር ጂቪ የሚሉትን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት በጥጥ ትቀባታለች።

«በሩ ላይ አትቁም፣ ብርሃን ከለልከን!» አለኝ ጳውሎስ።

በገዛ ቤቴ!

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ሶዶ ላይ ነው። እኔና ጳውሎስ የአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነበርን፤ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። አንድ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ የመስታወት ሣጥንና ስለ ዓሣ የሚናገር መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። ጳውሎስ የሳይንስ አስተማሪ ነውና በሁምቦ በኩል ወርዶ ከአባያ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች በጣሳ ይዞ መጣ። ቂጣ እየፈረፈርን አሳደግናቸው።

ችግሩ... ቆሮሶ ትንሽ እያለ ወንዱ ከሴቷ አይለይም። አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ስለሆነ የኔማ አማርኛ ራሱ ያኔ ወንድና ሴት ያምታታ ነበር፣ እንኳን ዓሣ ልለይ! መጽሐፉ ግን ዘዴ አለው። ዓሣውን ገልብጦ ከፊንጢጣው አጠገብ ቀለም መቀባት ነው፤ ሴት ከሆነች አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀለም ከየት ይመጣል? ከክሊኒክ። ክሊኒክ ማን አለ? ድሬሰሯ አስቴር።

ብልጠቱን አያችሁልኝ?

አስቴርን እኔም... እንዴት ልበላችሁ... በክሊኒኩ በር ሳልፍ ሳልታመም ያስለኝ ነበር። እሷ ግን ጳውሎስን «አንተ» ትለዋለች፣ እኔን «እርስዎ»! እኩዮች ነን እኮ። «እርስዎ ደህና ነዎት?» ባለችኝ ቁጥር ጢሜ ሲሸብት ይታወቀኛል።

«ይቺ ሴት ናት» አለ ጳውሎስ የዚያን ቀን። «አይደል አስቴር?»

አስቴር ትንሽ አየችና «እንግዲህ... አንተ ካልክ» አለች።

ሌሎቹን ዓሦች ወደ ጋን ገለበጣቸውና «ሴቷን» ከአንድ ደንዳና ወንድ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ብቻቸውን ተዋቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የጳውሎስ ኮሌታ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አየሁ። ጂቪ! ዞር ብዬ ወደ ሴቶቹ በኩል ሳይ የአስቴር አውራ ጣት ሐምራዊ ነው። ከስብከቱ አንድም ቃል አልሰማሁም። የሷ አውራ ጣት እሱ ኮሌታ ጋ እንዴት ደረሰ?

ስንመለስ ጳውሎስ ራሱ አወጋኝ። «እነዚህ ዓሦች ሲዋለዱ አባቷ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። ቀለሙን ስለምናት ለእሷም ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች።»

ሳቀች!... ከዚያ ወዲያ እንቅልፌም ምግቤም ሌላ ሆነ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ መስታወቱ ላይ እደገናለሁ። ጎን ለጎን ሲዋኙ ካየሁ ቀኔ ተበላሸ ማለት ነው። ሰው ለዝናብ ሲጸልይ እኔ ሁለት ዓሦች እንዳይዋደዱ ጸለይኩ።

እየቆየ የ«ሴቷ» አገጭ ቀላ ማለት ጀመረ። ልክ እንደ ወንዱ። አንድ ጠዋት ጳውሎስ ክፍል ገብቶ ሳለ ብቅ ብዬ ሳይ... አፍ ለአፍ ተናክሰው ይጓተታሉ፣ ቅርፊታቸው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መጽሐፉን ገለጥኩ። እንዲህ የሚጣሉት ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች ናቸው ይላል።

በወንፊት ለያየኋቸውና ወደ ክሊኒኩ በረርኩ።

«ሳሮ፣ ሰላም አስቴር! የጳውሎስ ሴት ወንድ ሆነች!»

ወረፋ የያዘው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስቴር ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ! እኔ ያኔም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

አንገቷን ደፋች። «ሲዋለዱ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኝ ነበር። ሁለት ወንድ ደግሞ አይዋለድም... ፊት ለፊት እምቢ ልለው አፈርኩ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ኮሌታውስ?»

«የቱ ኮሌታ?»

«ጂቪ የነካው!»

«ዓሣው አፈትልኮ ኮሌታው ውስጥ ሲገባበት ነዋ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቀስ ብላ ዋጥ አደረገች። «ግን እርስዎ... ምን ይጠብቃሉ? እርስዎም ዓሣ?»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ሽማግሌዎቼ ግን ዱቦ መንደር ድረስ፣ አባቷ ቤት በእግራቸው ሄደው፣ እሺታ ይዘው ተመለሱ።

ለጳውሎስ የነገርኩት እኔው ነኝ። አስቴር ያለችውን አላወራሁለትም፤ ስለ ዓሦቹና ስለ ሽማግሌዎቹ ብቻ ነገርኩት። ሣጥኑን ብዙ ካየ በኋላ «ሁለቱም ወንዶች?» አለ።

«ሁለቱም።»

እጄን ጨበጠኝ። ሠርጋችን ላይ ከማንም በላይ ዘፈነ፤ ከዚያ ዝውውር ጠይቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ዝናባማ ቀን እኔና አስቴር የተቀቀለ ስኳር ድንች እየበላን ነው። ውጭ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። አስቴር ጉሙን እያየች ተነፈሰችና፣

«ጳውሎስ ብቻውን ምን ይበላ ይሆን? ደግ ሰው እኮ ነው...» አለች።

የያዝኩትን ስኳር ድንች ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ያገባ ሰው ቅናት ይተወዋል ያላችሁ ካለ... አትመኑት።