«አይሆንም» ያለ ይቁም

የፈጠራ አስተሳሰብ ልታሠለጥነን የመጣችው ሴት የአዳራሹን በር፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከታች በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ያ በር እንዲህ ካልተደረገ እንደማይከፈት የሚያውቀው እዚህ የሠራ ሰው ብቻ ነው።

እኛ የሲስተም መሐንዲሶች ሣጥንና ቀስት ካልሣልን ማሰብ አንችልም። እሷ ግን ድምጿን ሳታነሳ አንድ ሕግ አወጣች፦ «እዚህ ‹አይሆንም› ያለ ሰው ቆሞ ይማራል።» ቃሉ የአፋቸው ማሟሻ ነውና መምሪያ ኃላፊያችን ገና ከሻይ በፊት ቆሙ። እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም፤ የእጅጌዋን ቁልፍ ብቻ ፈታች።

ከዚያ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ፣ የወየበ የሲስተም ንድፍ አውጥታ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ጥጉ ላይ በቀይ «አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የኃላፊያችን ፊርማ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚሠራበትን ሃያ መንገድ ይጻፉልን» ብላ ማርከሩን ሰጠቻቸው። «አይቸኩሉ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ኃላፊያችን ፊርማቸውን ሲያዩ ፊታቸው ፍም መሰለ። «አይ...» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

«ይጨርሱት እንጂ» አለች። «መቼስ ቆመዋል።»