የእንግዳ ትራፊ

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ዩኒቨርሲቲው በረብሻ በተዘጋ ሰሞን፣ ለአንድ ዓመት ትምህርት ከውጭ አገር የመጣች የክፍል ጓደኛዬን ይዤ መካነ ሰላም ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ገበሬ ቤት ሳልገባ አገራችሁን አየሁ አልልም ብላ ነዘነዘችኝ። አባቴ «ዘንድሮ እንግዳ ይዞ ገጠር አይወጣም» ቢለኝም፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው የአክስቴ መንደር በበቅሎ ሄድን። ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ ማሳው ሁሉ አመድ መስሏል።

አክስቴ በር ላይ አቅፈው ሳሙን። «አህለን፣ ማሻ አላህ! ግቡ እንጂ፣ ግቡ» አሉ። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ባላቸው እህል ፍለጋ ደጎሎ ገበያ ሄደዋል። ልጆቻቸው ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት እንዲህ ጸጥ አይልም።

የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ሳየው ገባኝ፤ ለቤቱ ሁሉ ያለው ያው ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ ቀመስ አድርጎ፣ ጠገብኩ ብሎ ያስተርፋል፤ ትራፊው ለልጆች ይገባል። ጓደኛዬ ባደገችበት ቤት ደግሞ ምግብ አስተርፎ መነሳት ያበሰለችውን ሴት መስደብ ነው። እኔ አንድ ሁለቴ ቆርሼ እጄን ሰበሰብኩ። እሷ አክስቴን ላለማስቀየም ጫፍ ጫፉን እየጠረገች ትበላለች። አክስቴ «ብዪ ልጄ፣ አፈር ስሆን!» ይላሉ፤ ትበላለች። ጉልበቷን ነካ አደረግኳት፤ ፈገግ አለችልኝ። ተይ እንዳልላት እንግዳን ከገበታ ማስነሳት ነው፤ ዝም እንዳልል መጋረጃው ይነቃነቃል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

መዳፍ የምታህል ቁራሽ ስትቀር አልቻልኩም። በእንግሊዝኛ «ተይ፣ የልጆቹ ምሳ ነው» አልኳት።

ፊቷ ቀላ፤ እጇን ሰበሰበች። አክስቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ፊት ማንበብ ግን ማን ብሏቸው!

«ምን ብለሽ ነው እንግዳዬን ያስቆምሽብኝ?»

«ጠገብኩ ብላኝ ነው፣ አክስቴ» አልኩ።

«ወላሂ፣ እኔ ቤት ሳይጠግብ የሚነሳ የለም!» ብለው ከቀረችው ላይ ጠቅልለው ወደ ጓደኛዬ አፍ ዘረጉ። ጉርሻ እምቢ እንደማይባል ታውቃለች። አየችኝና አፏን ከፈተች። አክስቴ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው የመጨረሻዋን ቁራሽ ደገሙላት።

መዋጥ አቅቷት እንባዋ ወረደ። አክስቴ «በርበሬው ነው፣ አብሽሪ» ብለው ውኃ አቀበሏት። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ በደህናው ድምፃቸው፣ ትልቋን ልጃቸውን «ነዪ፣ ገበታውን አንሺ» አሉ።

ልጅቱ መጣች። ባዶውን ገበታ አየችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ አነሳችና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ጠገባችሁ?» አለችን።