ዕረፍት ያደከመው ቱቦ

በልብስ እጥበት ድርጅቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ አልነበረም። «ደከመው» ነበር የሚሏት። የእንፋሎት ቱቦዎቹ ኢንጂነር ናት፤ ስለ የትኛውም ቱቦ ብትጠየቅ መልሷ ያው ነው፦ «ደክሞታል።» እናቷ እንኳ፣ «ለብረት እንዲህ የምታዝኚ ልጅ፣ እኔን ደከመሽ ወይ ብለሽ አታውቂም» ትላታለች።

«አንቺማ ብየዳ የለብሽም፣ እማዬ» ትመልሳለች፣ የምሯን።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባች። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ነገር ተሰምቶ ሳያልቅ መፍትሔ መስጠታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ቅርንጫፉ ደክሞታል። ጫና በዝቶበታል» አለቻቸው።

ጋሼ ስልኩን አንስተው ከተማው ማዶ ላለችው የቅርንጫፍ ሱቃቸው ኃላፊ ደወሉና ሳምንቱን እንድታርፍ ፈቀዱላት። ሴትየዋ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ስልኩን ዘጋችው።

«የቱቦውን ቅርንጫፍ ነው ያልኩት» አለች ደከመው፤ ወደ ካውያ ክፍሉም ወሰደቻቸው። ከወፍራሙ ቱቦ ጎን አንድ ቀጭን ቱቦ ተገንጥሎ ወደ ካውያው ማሽን ይወርዳል። «ዋናው ቱቦ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሄን ቀጭኑን ይጎትተዋል። እዚህ ጋ ደግሞ ቀጭኑን ለመቀጠል የዋናው ጎን ስለተበሳ ጉልበት የለውም። ጫናው ሁሉ ብየዳው ዳር ላይ ይከማቻል። አስልቼዋለሁ፣ ብዙ አይቆይም።»

ጋሼ ቱቦውን ሽቅብ አዩት፤ አንጀታቸውን በላው። «ከደከመውማ ይረፍ» አሉና ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሻይ ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋሼን ሙቀት በተሰማቸውም ጊዜ እንፋሎቱ እንዲዘጋ ታዘዘ። የቦይለሩ ሠራተኛ ቫልቩን ሲዘጋ «ደህና እረፍ» ይለው ጀመር።

ደከመው ተመልሳ ሄደች። «ጋሼ፣ ከድጡ ወደ ማጡ እየገባን ነው። የሚያደክመው ሥራው አይደለም፤ መሞቅ መቀዝቀዙ ነው። ሽቦ ወዲህና ወዲያ ሲያጣጥፉት አይበጠስም?»

«ዕረፍት ያደከመው ፍጡር አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሼ። ጥቂት አሰቡና፣ «የባለቤቴን ወንድም ካልቆጠርነው» ብለው ጨመሩ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቱቦው ከዕረፍቱ ሲመለስ ሊያዩት መጡ። ቫልቩ ሲከፈት ቱቦው እንደ ማሳል አለና ብየዳው ዳር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደከመው ክንዳቸውን ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻቸው። እንፋሎቱ አላቃጠላቸውም፤ ጉሙ ግን ደረሰባቸው። ጋሼ ከግራ ጆሯቸው ተነስቶ በመላጣቸው ላይ ተሻግሮ ቀኝ ጆሯቸው ጋ የሚተኛ ፀጉር ነበራቸው። ያ ፀጉር ረጥቦ በዝግታ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ማንም አልሳቀም፤ ልብስ ተኳሾቹ ብቻ ፊታቸውን አንሶላ ውስጥ ቀበሩ።

እንፋሎቱ ተዘግቶ ቱቦው ሲበርድ ደከመው ብየዳውን ቀይ ቀለም ቀባችው፤ ጠረገችውና ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት። በዱቄቱ ላይ ክር የመሰለ ቀይ መስመር ወጣ።

«ስንጥቁ ይሄ ነው፤ ቀለሙን ውጦ ያስቀረው።»

«ምን ይሻለናል?» አሉ ጋሼ፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው እንደያዙ።

«መጋጠሚያውን በወፍራም እንቀይር፤ ቱቦው ሲረዝም የሚላወስበት ቦታም እንስጠው። ከዚያ ዝም ብሎ ይሥራ።»

እንዳለችው ተደረገ፤ ቱቦውም ጸጥ አለ። ጋሼ ግን ትምህርቱን እስከ ጥጉ ወሰዱት። በማግስቱ ግድግዳው ላይ፣ «ማረፍና መነሳት ስለሚያደክም የምሳ እረፍት ቀርቷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ልብስ ተኳሾቹ ደከመውን ከበው፣ «አስተማሪያቸው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አስረሺያቸው» አሏት።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ብረት አይደለም» አለች ገብታ።

«በምን አወቅሽ?»

«ከሰዓት በኋላ ወንበርዎ ላይ ሲያንኮራፉ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ብረት አያንኮራፋም።»

ጋሼ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ። ከዚያ ወጥተው ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት፤ ልብስ ተኳሾቹም ደከመውን መሐላቸው አስቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ለእሷ ከየሳህናቸው እየቆረሱ ስላጎረሷት፣ ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ማለት አቅቷት ዋለች።