ስሰግድ የጣለኝ መድኃኒት

ላሊበላ ውስጥ እንግዳ እያስጎበኘሁ ነው ያረጀሁት። አምና ጥቅምት ላይ ግን ሽንት አስቸገረኝ፤ ፈረንጆቹን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቁሜ ስንቴ ወደ ጓሮ እንደምሮጥ እኔ ነኝ የማውቀው። ሆስፒታል ስሄድ ከልጄ የምታንስ ሐኪም መረመረችኝ። «ፕሮስቴት የሚባለው እጢዎ አድጎ የሽንት መውጫውን ተጭኖታል፤ ካንሰር አይደለም» ብላ በየቀኑ የምውጠው እንክብል አዘዘችልኝ። «ሊያዞርዎት ስለሚችል ሲነሡ ቀስ ይበሉ። ሌላው ደግሞ ከባለቤትዎ ጋር...» ስትል አፍሬ ወረቀቱን ተቀብያት ወጣሁ።

ሽንቴ በሳምንቱ ለቀቀልኝ። ከባለቤቴ ጋር ስሆን ግን ዘሬ አልፈስ አለ። ስሜቱ አለ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ደረቅሁ ብዬ ደነገጥሁ። ለማን ይነገራል? እንዳታውቅብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት ጀመርሁ።

አንድ ጠዋት ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ አስቀምጣ ፊቴ ቆመች።

«ሌላ ሴት ካለችህ ንገረኝ። ጾም ነው እንዳልል፣ ጾሙ ሳይገባ ነው የራቅኸኝ።»

«ኧረ ተይ፣ ምን ሴት አለኝ!» ብዬ ጋቢዬን አንሥቼ ወደ ሥራ ወጣሁ።

ስቅለት ዕለት ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ዋልሁ። ከቀትር በኋላ ግንባሬን ከድንጋዩ አንሥቼ ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ሰው ከቦኛል፤ አንዲት ሴት «ለክፎት ነው፣ ጠበል አምጡ!» ትላለች። ቅንድቤ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ ከሴቶቹ በኩል ሮጣ መጥታ ደሜን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳላማክር መድኃኒቱን ተውሁት። በአራተኛው ቀን ሽንቴ ጨርሶ ቆመ። ሆዴ ተነፍቶ እያቃሰትሁ ባለቤቴ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። በቱቦ ካወጡልኝ በኋላ ያችው ሐኪም መጣች።

«ለምን አቆሙት?»

«ስሰግድ ጣለኝ።»

«ሌላስ?»

አጠገቤ የቆመችውን ባለቤቴን በጎን አየት አድርጌ አቀረቀርሁ።

«ዘርዎ አልወጣ ብሎ ነው? እሱ ወደ ፊኛ እየተመለሰ ነው እንጂ አልደረቀም። ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ ጉዳት የለውም።»

ባለቤቴ ሐኪሟን አየች፤ እኔን አየች። «ለዚህ ነው ጀርባህን የሰጠኸኝ?» አለችና እዚያው አለቀሰች።

መድኃኒቱ ተቀይሮልኝ ማዞሩ ቀንሷል። ተራራ የሚወጣ እንግዳ ግን ከእንግዲህ አልይዝም፤ ጉልበቴን ማመን አቅቶኛል። ባለቤቴም ይቅር ብላኛለች። ቢሆንም ከሥራ ዘግይቼ ስገባ ፊቴን ትመረምራለች፤ እኔም ምንም ሳላጠፋ ዓይኔን እሰብራለሁ።