የግራጫው ንጉሥ አእምሮ

መነጽር ሠሪው አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። የሥራ ባልደረቦቹ «ቁንጫ» ነው የሚሉት፤ ሚስቱም ሲብስባት በዚሁ ትጠራዋለች። መስታወት ሲሞርድ እንኳ አንድ እግሩ ወለሉን ይደልቃል። ደንበኛው ዓይኑን ተለክቶ እስኪወጣ ድረስ እሱ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲዞር፣ የተስተካከለውን ፍሬም ደግሞ ሲያስተካክል ይቆያል።

እንዲህ ያለውን ሰው ቁጭ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሰባት በር» የሚባል የቆየ የኮምፒውተር ጨዋታ። ተጫዋቹ ከተማ ይቆረቁራል፣ እህል ያከማቻል፣ ጦር ያሰልፋል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያዘው ግራጫው ንጉሥ አለ። ይህ ንጉሥ ሰይጣን ነው። በጫካ ተደብቀህ ብትመጣ ቀድሞ ይጠብቅሃል፤ አንዱን በር ባዶ ብትተው ሳይውል ሳያድር በዚያው ይገባል። ቁንጫ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲገጥመው ኖሮ ያሸነፈው ከስንት አንዴ ነው።

እንደሱ ያበዱ ሰዎች በየአገሩ ነበሩና በኢንተርኔት ተፈላልገው ማኅበር ቢጤ ፈጠሩ። የወታደሮቹን ልብስ ለወጡ፣ አዲስ ካርታ ሣሉ፣ ድልድይ ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ተዘጋባቸው። ንጉሡን ራሱን ለመንካት ምንጭ ኮዱ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በእጃቸው የለም።

«ምንድን ነው እሱ ምንጭ ኮድ የምትሉት?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን ልብስ ስትተኩስ።

«ፕሮግራመሮቹ በእጃቸው የጻፉት ትእዛዝ ነዋ። እኛ ጋ ያለው ለማሽኑ የተፈጨው ነው። ዱቄት ሰጥተው ዝሪ ቢሉሽ ምን ታበቅያለሽ?»

«እና ስንዴው ማን ጋ ነው?»

«እሱን ብናውቅማ!»

«በል እንግዲያው ቁጭ በል፤ ወለሉን ጨረስከው።»

ማኅበሩ የጨዋታውን መብት ለገዛው ኩባንያ ደጋግሞ ጻፈ። ወይ ፍንክች! ቁንጫ በሥራ ሰዓት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያያል፤ ይከታል፤ ደግሞ ያወጣል። አንዴማ የአንዲት ደንበኛ የግራና የቀኝ መስታወት አዘዋውሮ ገጥሞ፣ «ኧረ ደረጃው ወደ እኔ እየመጣ ነው!» ብላ ስትጮህ ነው የባነነው።

መልሱ ሲመጣ ግማሹ ማር ግማሹ እሬት ሆነ። ኮዱ ኩባንያው ዘንድ ጠፍቷል። ነገር ግን ጨዋታውን የጻፉት ሴትዮ ቅጂ ካላቸውና እሳቸው ከፈቀዱ፣ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ኩባንያው አይከለክልም። ሴትዮዋ ሙያውን ከተዉ ቆይተዋል፤ ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ፤ ስልክ አያነሱም። ከማኅበሩ አባላት ለከተማቸው የሚቀርበው ቁንጫ ነበርና እሱ ተላከ። በአውቶቡስ ሲሄድ አጠገቡ የተቀመጡት ሰውዬ እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳያዩ ደረሱ።

ሴትዮዋን ከችግኞቻቸው መካከል፣ ጭቃ የበላው ጓንት አጥልቀው አገኛቸው።

«እትዬ፣ የመጣሁት ስለ ሰባት በር ነው።»

እጃቸው ቆመ። «አሁንም የሚጫወተው አለ?»

«ሞልቷል!»

«ሥራ ፈት ሁሉ!» አሉና በእግራቸው በርጩማ ገፋ አደረጉለት። አልተቀመጠም። ኩባንያው ያለውን፣ ማኅበሩ የሚመኘውን እየተንጎራደደ ነገራቸው።

«ቅጂውስ አለኝ፤ አልሰጥም» አሉ።

«ምነው እትዬ?»

«እዚያ ውስጥ ምን ልታገኙ ነው?»

«የንጉሡን አእምሮ ነዋ! ያ ንጉሥ እኮ ልብ ያነባል። በጫካ ብመጣ ያውቃል፣ በጓሮ ብዞር ያውቃል። እሱን የመሰለ ጮሌ ዛሬ በሚሠሩት ጨዋታዎች እንኳ የለም።»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ልብ አያነብም ልጄ፤ ያያችኋል። እናንተ ያልደረሳችሁበትን በሚሸፍነው ጭጋግ ውስጥ ስትደናበሩ እሱ ካርታው በሙሉ ወለል ብሎ ይታየዋል። የሚያስብ ንጉሥ ጀምሬ ነበር፤ አለቆቼ ቶሎ ጨርሺ ብለው መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። ስለዚህ ዓይን ሰጠሁትና አእምሮውን ተውኩት። ሰው ብልህ ነው እያለ ባወደሰው ቁጥር ሌባ እንደወለደች እናት አንገቴን እደፋለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደኝ። አሁን ደግሞ ገልጣችሁ ለዓለም ልታሳዩብኝ?»

ቁንጫ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ስንቱ እሑድ! ሚስቱ ምግብ ቀረበ ስትል «አንዴ ጠብቂኝ፣ ዛሬ ይዤዋለሁ» እያለ ያስቀየማት ስንቴ ነው! ንዴቱ ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ ራሱ ላይ ወጣ።

«አታልሎኛል እኮ!»

«አታልሎሃል። ይኸው ተናደድክ፤ ሌሎቹም ይናደዳሉ።»

ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ፤ የችግኝ ሣጥን አደናቅፎት ሊደፋ ምንም አልቀረውም። ከመንገድ ተመለሰና «እትዬ፣ ያ የሚያስበው ንጉሥ ጅምሩ አለ?» አለ።

ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «አለ።»

«እንግዲያው እንጨርሰዋ! የሰውን ቁጣ ለእኔ ይተዉት፤ እኔም ተቆጥቼ አልሞትኩም።»

ብዙ ተከራከሩ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ እሺ ብለው ሁለት ጊዜ አፈረሱ። በመጨረሻ ቅጂውን ሲሰጡት «ዓይኑን የጋረዳችሁት ዕለት ደደብ ነው የሚሆነው፤ አልነገረችኝም እንዳትል» አሉት።

እንዳሉትም ሆነ። ማኅበሩ ኮዱን ከፍቶ የንጉሡን ዓይን ሲጋርደው፣ ያ የተፈራ ንጉሥ ዳፍንት እንደያዘው ዶሮ ይዞር ጀመር። ጦሩን ሐይቅ ውስጥ ከተተ፤ የገዛ በሩን ከበበ። ነገር ተነሳ። ግማሹ አባል «የድሮው ሌባ ይሻለናል፣ መልሱልን» አለ፤ ሌላው ሴትዮዋን ሰደበ። ቁንጫ ከሁሉም ጋር ተነታረከ፤ ወዳጆቹ የነበሩ አኩርፈውት ወጡ። ምነው እግሬን በሰበረው ያለበት ቀንም ነበር።

ነገሩ በከረረበት ሰሞን አንድ አዲስ አባል ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ጥቂት መስመር ኮድ ላከና «ያላየውን በሰላይ ይጠይቅ» ብሎ ጻፈ። ቁንጫ አጻጻፉን ከሴትዮዋ ጅምር ጋር አስተያይቶ ማን እንደሆኑ ገባው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ በትንሽ በትንሹ ሰው ሆነ። ሰላይ ይልካል፤ ሰላዩ ሳይመለስ ሲቀር ያመነታል። አንድ እሑድ ከቁንጫ ጫካ አፋፍ ደርሶ ጦሩን አቆመ፤ ቆየ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጫካው ባዶ ነበር።

«ፈራ!» ብሎ ጮኸ ቁንጫ። «ፈራኮ!»

«ማን?» አለች ሚስቱ ከጓዳ፤ መልስ ግን አልጠበቀችም።

ጠቡ አሁንም አልበረደም፤ ንጉሡም ገና ብዙ ይቀረዋል። ሴትዮዋ ግን ስልክ ማንሳት ጀምረዋል።

«እትዬ፣ ሰላዩ ድልድዩ ላይ ተወትፎ ቀረ።»

«ውሃ እያጠጣሁ ነው፤ ቆይ።»

«ጦሩ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ—»

«ቆይ አልኩህ!»