በእግሩ ቤት የገባው ኮረሪማ

ዛሬ እማዬ ከሚዛን ገበያ መጥታ፣ በዝናብ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ስትገባ አለቀልኝ አልኩ።

ያሰጣችውን ኮረሪማ እንድጠብቅ አደራ ብላኝ፣ "በስልክ ስትጫወቺ ካበላሸሽው ስልኩን እቀማሻለሁ" ብላኝ ነበር።

እኔ ግን ቪዲዮ እየሠራሁበት ነበር። ፍሬዎቹን ወደ በሩ ትንሽ ትንሽ እያስጠጋሁ ፎቶ አነሳለሁ፤ ፎቶዎቹ ተያይዘው በፍጥነት ሲታዩ ኮረሪማው ተሰልፎ ወደ ቤት የሚሄድ ይመስላል። (ይሄ ሁሉ ልፋት ለጥቂት ሰከንድ ነው!)

"ኮረሪማዬስ?" አለች ባዶውን ሰሌን አይታ።

ወደ ውስጥ አሳየኋት። ዝናቡ ሲጀምር የመጨረሻው ፍሬ በሩን አልፎ ነበር።

"ተባረኪ! እንዴት ቀድመሽ አስገባሽው?"

ቪዲዮውን አሳየኋት።

"አንቺ! በእግሩ የሚሄድ ከሆነማ ገበያም ራሱ ይሂድልኝ!" ብላ ሳቀች።

ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ተመስገን። እናንተስ ሳታስቡት ከቁጣ ያመለጣችሁበት ቀን አለ? ብቻዬን እንዳልሆን ጻፉልኝ።